የወጥ ቤቱ ሰዓት

ሃያ ሊትር ውሃ በአስራ አንድ ደቂቃ ፈላ። ርዕሰ መምህሯ አጨበጨበች። ምድጃውን ሊያሳየን የመጣው ነጋዴ ውሃውን በገዛ ትንፋሹ ያፈላው ይመስል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምድጃውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

የቆምነው በአሮጌው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በጥላሸት በጠቆረው መስኮት በኩል ሜዳው ይታያል፤ አዲሱ ሕንፃ የሚያርፍበት ቦታ በኖራ ተሰምሯል። አዲሱ ሕንፃ ጭስ ማውጫ የለውም። ናፍጣ የለም፣ ጋዝ የለም፣ እንጨት የለም፤ ማሞቂያው፣ መብራቱ፣ አየር ማናፈሻው፣ ወጥ ቤቱ ሳይቀር በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ያውም የሱን ያህል ስፋት ያለው ሌላ ሕንፃ ከሚበላው ግማሹን ብቻ እየበላ። ቅርጹን ያወጣው አርክቴክቱ ነው። ስንት ኤሌክትሪክ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት የሚለው ግን የኔ ሥራ ነው። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው። በሥዕሎቹ ግርጌ ስሌቱን የሠራው ሰው በሚፈርምበት ቦታ ስሜ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ምግብ አብሳይዋ ምድጃውን እንደ አዲስ ምራት ዙሪያውን እየዞረች ስታየው ቆየች። መጀመሪያ የራሷን የአሉሚኒየም ድስት ጥዳበት እምቢ ብሏት ነበር፤ እንዲህ ያለው ምድጃ የሚያግለው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። «ድስት ያማርጣል እንዴ?» አለች። «ገና ሳይቀጠር ኮራ።» ነጋዴው እየሳቀ የብረት ድስት አቀበላት። አሁን ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን ፊቷን አስመታችውና ወደ ረዳቷ ዞር ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እንዲህ ከሆነማ በሌሊት ምን ያስነሣኛል? በአስራ ሁለት ተኩሉ አውቶቡስ እመጣለሁ» አለች።

እጆቼ ለማጨብጨብ እንደተነሡ አየር ላይ ቀሩ።

ምግብ አብሳይዋ እናቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለትምህርት ቤቱ መስጠት የሚችለው መቶ አስር ኪሎዋት ነው። መብራት መሥሪያ ቤቱ ይህን በደብዳቤ ነግሮናል፤ እኛም ከዚያ እንደማናልፍ ፈርመናል። ካለፍን ዋናው ማቋረጫ ይወርዳል። ሌላ ቤት መብራት ቢጠፋ ሻማ ይለኮሳል፣ ጋዙ ይሠራል፣ ሕይወት ይቀጥላል። ይኼ ሕንፃ ግን በአንድ ገመድ የተንጠለጠለ ነው፤ ማቋረጫው የወረደ ቀን አራት መቶ ሃያ ልጆች በጨለማ፣ በብርድ፣ ያለ ቁርስ ይቀመጣሉ።

ወጥ ቤቱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሃምሳ አራት ኪሎዋት ይወስዳል። ማሞቂያው በብርዱ ወራት ጠዋት ጠዋት ስድሳ። መብራትና አየር ማናፈሻ ሃያ። ሲደመር መቶ ሠላሳ አራት ነው፤ ግን የሚደመረው ሦስቱም እኩል ከሠሩ ብቻ ነው። በኔ ስሌት አይገናኙም። ወጥ ቤቱ ከአስራ አንድ ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ተኩል ያበስላል፣ ከዚያ ምግቡ ተከድኖ ይጠብቃል። ማሞቂያው በአስራ ሁለት ተኩል ይነሣል። በሁለት ሰዓት ልጆቹ ሲገቡ ክፍሉ ሞቆ ይቆያቸዋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እንደ ዘበኛ ፈረቃ። በዚህ ስሌት በጣም እኮራ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት የሚለውን ያገኘሁት ከናቴ ነው። ከስድስት ወር በፊት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ዘርግቼ ጠየቅኳት። ቅጹ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ነበረው፣ እኔም ቶሎ ልጨርስ ፈልጌ ነበር። ምድጃ ስንት ሰዓት ነው የምታነዱት አልኳት። «አስራ አንድ ሰዓት፤ ምክንያቱም...» ስትል፣ እሺ፣ የምትጨርሱትስ ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ከ«ምክንያቱም» በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ቅጹን ያዘጋጀሁትም እኔው ነኝ።

እንፋሎቱ መሀል ቆሜ ምክንያቱ ገባኝ። እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት በአስር ሰዓት የምትነሣው የድሮው የጡብ ምድጃ ለመጋል ብቻ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ነው። እኔ ፈጣን ምድጃ አምጥቼ የዘገምተኛውን ሰዓት ጻፍኩበት። ምድጃው ከፈጠነ ደግሞ የትኛውም ጤነኛ ሰው በአስር ሰዓት አይነሣም። በአንድ ሰዓት ገብቶ ይለኩሳል፤ ልክ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ በሚያጓራበት ሰዓት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሥዕሎቹ ሰኞ እስከ እኩለ ቀን መብራት መሥሪያ ቤቱ መግባት አለባቸው።

ቢሮ ተመልሼ አዲሱን ሰዓት ስሌቱ ውስጥ አስገባሁ። መቶ ሠላሳ አራት። ድምር የማላውቅ ይመስል በእጄም ደመርኩት። ከዚያ ትናንሾቹን መቁረጥ ጀመርኩ፤ የመተላለፊያውን መብራት፣ የእጅ መታጠቢያውን ሙቅ ውሃ። ከሃያ አራቱ ትርፍ አራቱን ቀነስኩ። ሃያው እንዳለ ቁጭ አለ። ምሳዬን መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ሄድኩ፤ በማግስቱ ሽታው አስታወሰኝ።

አርብ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። በቢሮው ሁሉ እርሳሱ እንለዋለን። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ደግሞ ሥራውን ሁሉ በኮምፒውተር እየሠራ አንድ እርሳስ ከጆሮው ላይ አያወርድም። ሲጽፍበት ያየው ሰው የለም። ነገሩን ሳላሳጥር ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ትራንስፎርመር እንጠይቅ ብንል ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ትምህርት ቤቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚከፈት፣ አሮጌው ሕንፃ ጣሪያው ሌላ ክረምት እንደማይችል፣ የማውቀውን ሁሉ እንደማላውቀው አድርጎ ዘረዘረልኝ። ከዚያ ሰዓቱን ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። ምግብ አብሳይዋ አልኩት። እናቴ መሆኗን አልነገርኩትም፤ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ሥራዬን ከዘመድ ጋር ያገናኙብኛል ብዬ ዝም ብዬ ነበር።

«ታዲያ ቃሏን ትጠብቃ» አለ። «የወጥ ቤቱ መስመር ላይ ታይመር አስገቢ። ከአስራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ምድጃው አይነሣም። አንዲት ሳጥን ናት፤ ማንም አያያትም። ሴትዮዋም የለመደችውን ነው የምትሠራው፤ ምን ይጎድልባታል?»

ሳጥኗን ለመሣል አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በወጥ ቤቱ መስመር ላይ ጥፍር የምታህል አራት ማዕዘን፣ አጠገቧ ሁለት ሰዓቶች። መቶ ሠላሳ አራት የነበረው ወደ ሰማንያ ወረደ። ስሌቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እርሳሱ ደስ አለው፣ አርክቴክቱም ስልክ ደውሎ ለትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት ሰዓት ሊሰቅል እንዳሰበ ነገረኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሆዴ አውቆ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ደወል ሰዓቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከማይፈለጉ ዕቃዎች ጋር ካርቶን ውስጥ ከታዋለች። ያ ሰዓት ዕድሜዬን ሙሉ ጠላቴ ነበር። በአስር ሰዓት ሲጮኽ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ተነሥታ ትሄዳለች፣ እኔ ነቅቼ እቀራለሁ። ለሷ አዝን ነበር ብል ውሸት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ደወሉ ነበር።

ሕንፃው ገና ኖራ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ አልኳት። እየተለማመድኩ ነው አለች። የአውቶቡሱን ሹፌር ጠይቃ ነበር፤ የአስራ ሁለት ተኩሉ መቀመጫ እንዳለው፣ የአስር ተኩሉ ግን ቆሞ መሄድ እንደሆነ ነገራት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ሄጄ ይኼን አላውቅም ነበር ብላ ሳቀች። ቅዳሜ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ልጄ የሠራችው ምድጃ እያለች። ምድጃውን እኔ አልሠራሁትም ብዬ ለማረም ሞከርኩ፤ ያንቺ ትሕትና ነው አሉኝ። እኔን በትሕትና የሚያውቀኝ ሰው የለም።

ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ሌላ ነገር አወራሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። በአንድ በኩል ሳጥኗ ትክክል ናት፤ ከስሌት ውጪ ምንም አላደረግኩም። በሌላ በኩል ሕንፃው ሃምሳ ዓመት ይቆማል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት፣ እናቴም ትሁን ከሷ በኋላ የምትመጣው፣ ቅጽ ስሞላ ስለቸኮልኩ በአስር ሰዓት ትነሣለች።

እሑድ ጠዋት እናቴ ለሰኞ የልጆች ሾርባ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ድንጋይ መፈለግ ጀመርኩ። ምስር ስለቅም አይታኝ ስለማታውቅ ወዲያው ጠረጠረች።

«ምን ሆነሻል?»

«አዲሱ ወጥ ቤት ከአስራ ሁለት ተኩል በኋላ አይነሣም» አልኳት። «ኤሌክትሪኩ ይቆለፋል።»

«ማን ነው የሚቆልፈው?»

«ሰዓት የምትቆጥር ሳጥን አለች።»

«ማን አስገባት?»

«እኔ።»

ጣቶቿ አልቆሙም። አንድ ጠጠር አገኘች፣ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ለምድጃ ተነሣሁ» አለች። «አሁን ደግሞ ለሽቦ ልነሣ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ትራንስፎርመሩን፣ መቶ አስሩን፣ ማሞቂያውን፣ ቅጹን። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እኔ ያላደረግኩላትን ነው ያደረገችልኝ። ስጨርስ ያገኘቻቸውን ጠጠሮች በጣቷ ጫፍ መደርደር ጀመረች። በኔ አፍራ ወይ አዝና መስሎኝ ነበር። ለካ እያሰበች ነው።

«ማሞቂያውስ?» አለች። «እሱ ለምን በሌሊት አይነሣም? ቁርስ አይበላ፣ አውቶቡስ አይጠብቅ።»

ለልጆቹ ነው እማዬ አልኳት፤ እነሱ ሲገቡ ነው መሞቅ ያለበት። በሌሊት ቢሞቅ እስኪመጡ ይቀዘቅዛል። በጥድፊያ ነው የመለስኩት፤ ቃሌን ሳልጨርስ መሳሳቴ ታወቀኝ፣ ግን የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም።

«የአንደኛ ክፍል ልጆች ለምን እንደሚደባደቡ ታውቂያለሽ?» አለች። «ከወጥ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ለመቀመጥ ነው። እሳቱን በአስራ ሁለት ተኩል አጠፋለሁ። ግድግዳው እስከ ስድስት ሰዓት ይሞቃል። ያን ጊዜ ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት፣ ምክንያቱም ጡቡ ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቃሌን ከአፌ ነጠቅሽኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ ይኸው ከኔ ጋር ምስር ትለቅሚያለሽ።»

ተነሥቼ ወደ ኮምፒውተሬ ሄድኩ። ምስሩን ደፍቼ እንደነበር በኋላ ነው የተነገረኝ።

የኔ ሕንፃ ግድግዳ ከጡብ ምድጃ ይበልጣል። ውስጡ ሃያ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ አለ፤ ሙቀት እንዳያመልጥ። መስኮቶቹ ሦስት ድርብ መስታወት ናቸው። በሪፖርቴ ዘጠነኛ ገጽ ላይ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ እጅግ በበረደ ቀን፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ቢጠፋ ክፍሉ በሰዓት አንድ ዲግሪ እንኳ አይቀንስም። ለጉራ የጻፍኩት ነበር፤ ለሥራ ይጠቅማል ብዬ አስቤው አላውቅም። ማሞቂያው በአስር ሰዓት ተነሥቶ ቤቱን ሃያ አንድ ዲግሪ ቢያደርስ፣ ወጥ ቤቱ በአንድ ሰዓት ሲነሣ እሱ ቢተኛ፣ ወጥ ቤቱ በሁለት ሰዓት ሲጨርስ ተመልሶ ቢነሣ፣ ክፍሉ በመሀል የሚያጣው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ምድጃ ናቸው። አንድ ልጅ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰባ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ የለም።

ሳጥኗን ከወጥ ቤቱ መስመር አነሣሁና ማሞቂያው መስመር ላይ አስቀመጥኳት። ወረቀቱ ላይ አራት ጣት ቢሆን ነው። አሁን የምትከተለው ሰዓትን ሳይሆን ወጥ ቤቱን ነው፤ ምድጃው ሲነሣ ማሞቂያውን ታስተኛለች፣ ሲጠፋ ትቀሰቅሰዋለች። ማሞቂያው ወጥ ቤቱን ይጠብቃል እንጂ ወጥ ቤቱ ማሞቂያውን አይጠብቅም። ከፍተኛው አሁንም ሰማንያ ኪሎዋት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ስሌቱን አያምንም፤ እስኪመሽ ድረስ ቀዳዳ ስፈልግለት ዋልኩ።

ሰኞ በሁለት ሰዓት እርሳሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አስረዳሁት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሳጥኗ ወጥ ቤቱ ላይ ስትሆን ቢበዛ የምትጎዳው አንዲት ሴት ናት» አለ። «ማሞቂያው ላይ ስትሆን፣ ከተሳሳትሽ፣ የሚበርደው አራት መቶ ሃያ ልጅ ነው። ደግሞ አንዴ ተሳስተሻል።»

እውነቱን ነው። እሑድ ይኼንኑ ራሴን ስጠይቅ ነበር የዋልኩት።

«ሴትዮዋ እናቴ ናት» አልኩት።

እርሳሱን ከጆሮው አወረደው። ሲያወርደው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ይኼ ነገሩን የሚያቀል መስሎሽ ነው?»

«አይደለም። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።»

በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ስሌቱ ገብቶ ለአንድ ሰዓት ተኩል ጠመደኝ። ፀሐይ ባትወጣስ? አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሳይሆን አስራ አምስት ልጅ ቢመጣስ? ነፋስ ቢኖርስ? ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ እሑድ ሳልበላ ያዋለኝ ለካ ለዚህ ነው። በመጨረሻ እፈርማለሁ አለ፤ ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ የፊተኛው ስሌት ስህተት እንደነበረ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ በራሴ ስም። ሁለተኛ፣ የወጥ ቤቱ ሳጥንም በፊት በነበረችበት ቦታ ትገጠማለች፤ ጠፍታ ትቀመጣለች፣ ለማብራት አንድ ጣት ይበቃል። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው የብርድ ወር የትምህርት ቀን በሆነ ጠዋት ሁሉ እዚያ ተገኝቼ የክፍሎቹን ሙቀት እመዘግባለሁ። አንድ ክፍል አንድ ቀን ከአስራ ዘጠኝ ዲግሪ በታች ከወረደ የወጥ ቤቱ ሳጥን ትበራለች፣ ወጥ ቤቱም ወደ ሌሊቱ ሰዓት ይመለሳል፤ ክርክር የለም።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ቆሜ ነው። ሦስት መስመር ነበር። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም።

የሚቀጥለው ዓመት ብርድ ቀድሞ ገባ። ሕንፃው ተከፍቷል፤ የአርክቴክቱ ሰዓት መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። እኔ በሰሜን በኩል ባለችው፣ ከሁሉም በምትቀዘቅዘው የአንደኛ ክፍል መማሪያ ውስጥ፣ ደብተር ይዤ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ጠዋቶች ደህና ነበሩ። ከሃያ በታች አልወረደም።

አምስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ አደረ። በአንድ ሰዓት ክፍሉ ሃያ አንድ ነበር። እናቴ ግን የለችም። አውቶቡሱ ዘግይቷል። ማሞቂያው ወጥ ቤቱ እስኪነሣ ድረስ ስለሚሠራ ሙቀቱ አልቀነሰም፤ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እሷ ዘግይታ ከጀመረች ዘግይታ ትጨርሳለች፤ ልጆቹ በሩን በርግደው ሲገቡ ማሞቂያው ተኝቶ ይሆናል ማለት ነው። ይኼ እሑድ ከፈለግኳቸው ቀዳዳዎች ውስጥ አልነበረም። አውቶቡስ ሊዘገይ እንደሚችል ያላሰብኩት እኔ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ያደግኩት እኔ።

በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መጣች። በመስኮት አየኋት፤ አልሮጠችም፣ መሬቱ ያንሸራትታል። ጥቂት ቆይቶ ከወጥ ቤቱ ድስት ሲጋጭ ሰማሁ፤ ወዲያው ማሞቂያው ዝም አለ። ዝምታውን እስከዚያ ቀን ድረስ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሃያ ነጥብ አምስት። ልጆቹ መግባት ጀመሩ። ዘበኛው፣ ምን የመሰለ ጨዋ ሰው፣ የውጪውን በር በጀርባው ደግፎ ይዞ እያንዳንዱን ልጅ እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ ይላል። ብርዱ በመተላለፊያው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሃያ። አስራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ወጥቼ በሩን ልዝጋው ብዬ ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔ በሌለሁበት ቀንም በሩን የሚይዘው እሱ ነው። የምመዘግበው እውነተኛውን ሕንፃ ካልሆነ ለምን መጣሁ?

አስራ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። መምህሩ ገብቶ ስም መጥራት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ደብተሬን አየችና ፈተና ወድቄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት። አስራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። የወጥ ቤቱ ሳጥን ያለችበት ቁም ሣጥን ከዚህ አስራ አምስት እርምጃ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

መምህሩ በሩን ዘጋው። ሠላሳ ስምንት ልጅ ያለ ማቋረጥ ይቁነጠነጣል፣ ያስላል፣ ይሳሳቃል። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። አስራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ትንሽ ቆይቶም አስራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ከዚያ ሁለት ሆነ። በሁለት ሰዓት ተኩል ወጥ ቤቱ ሲጨርስ ማሞቂያው ከጣሪያው ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«19.1» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡ የአውቶቡሱን መዘግየት፣ የበረዶውን ግግርና የውጪውን በር ጻፍኩ። በዚህኛው ደብተር ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ አለ።

እናቴ የልጆቹን አጃ በጋሪ እየገፋች ገባች። ለኔም በኩባያ ሰጠችኝ። ፊቷ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልመው የከረምኩት ይኼው መሆን አለበት፣ ግን ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አልተነቀለም።

«አንቺ ደግሞ ስንት ሰዓት ነው የተነሣሽው?» አለችኝ።

«አስር ሰዓት። ማሞቂያው መነሣቱን ላይ ብዬ።»

«ራሱ ይነሣል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

ጋሪውን ወደሚቀጥለው ረድፍ ገፋች።

«ደወሉ ጓዳ ካርቶን ውስጥ ነው» አለች፣ ዞር ሳትል። «ካስፈለገሽ ውሰጂው።»

አጃው ያቃጥላል። በደብተሬ ላይ የቀሩትን ጠዋቶች ቆጠርኩ፤ አስራ ሰባት ናቸው።